የመስተጋድላን ዕድሜና ኃይል፤ ለሚያፌዙና ለሚያበዙ የተሰጠ መልስ

ፍርድን የሚያጣምም ምስክር ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ያየውን ይደብቃል፥ ሁለተኛው ያላየውን ይጨምራል። የሚደብቀው ፈጥኖ ይጠላል፤ የሚጨምረው ግን ወዳጅ መስሎ ስለሚታይ የሚወቅሰው የለም። ዐዋቂ ዳኛ ግን ሁለቱንም ሐሰተኛ ይላቸዋል። በዚህ ዘመን የቅዱሳን ገድል በሚነገርበት ስፍራ እነዚህ ሁለት ምስክሮች ቆመው ይታያሉ። አንዱ ስለ ቅዱሳን ዕድሜና ኃይል የተጻፈውን ሰምቶ ያፌዛል፤ ሁለተኛው የተጻፈው አልበቃ ብሎት ከራሱ ያበዛል። በላሊበላና በላስታ ደጋ ደግሞ ሦስተኛ ሰው አለ፤ እርሱም ከሩቅ አገር መጥቶ፥ ሥራውን አይቶ ተደንቆ፥ ከሠሩት ሰዎች ነጥቆ ላልሠሩት የሚሰጥ ነው። ለሦስቱም መልስ ይገባቸዋል።

አስቀድሞ የቃሉን ፍቺ ማስተዋል ይገባል። ገድል የሚለው ቃል ተጋደለ ከሚለው የወጣ ነው። ስለዚህ በግእዝ መጻሕፍት ሰማዕቱም ጻድቁም መስተጋድል ይባላል፤ ይኸውም ተዋጊ ማለት ነው። ፈረስ ላይ ተቀምጠው ጦር የያዙት ቅዱስ ጊዮርጊስና ቅዱስ መርቆሬዎስ ብቻ ሳይሆኑ፥ በዋሻ ተቀምጦ ከገዛ ሥጋው ጋራ የሚታገለው መናኝም ከዚሁ ጭፍራ ይቈጠራል። የእነዚህ ጭፍሮች ዕድሜ በመጽሐፍ ሲነገር ብዙ ጊዜ ከሰው ልማድ ያልፋል። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ 562 ዓመት ኖሩ ይባላል፤ ከዚህም 300ው በምስር፥ 262ቱ በኢትዮጵያ ነው፤ 60 አንበሶችና 60 ነብሮችም ይከተሏቸው ነበር። የላስታ ነገሥታትም ይምርሐነ ክርስቶስ፥ ሐርቤ፥ ላሊበላና ነአኩቶ ለአብ እያንዳንዳቸው 40፥ 40 ዓመት እንደ ነገሡ በነገሥታት ዝርዝር ተጽፎ ይገኛል። ነአኩቶ ለአብም ተሰወረ እንጂ ሞተ አይባልም።

የከተማው ምሁር ይህን ሲሰማ ከንፈሩን ያጣምማል። «ሰው እንዴት 562 ዓመት ይኖራል?» ብሎ ይጠይቅና መልሱን ሳይጠብቅ ይሥቃል። ነገር ግን ይኸው ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ ከልጆቹ ጋራ ምን ሲመለከት እንደሚያመሽ የታወቀ ነው። በአሜሪካ አገር ጆርጅ ሉካስ የሚባል ሰው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1977 ስታር ዋርስ የሚባለውን ሲኒማ አወጣ። በዚያ ታሪክ በከዋክብት መካከል የሚዘዋወሩ ጄዳይ የሚባሉ ተዋጊዎች አሉ፤ ሰይፋቸው ብርሃን ነው፤ «ኃይል» በሚሉት ምሥጢር ዕቃን ሳይነኩ ያነሣሉ፥ የሰውን አሳብ ያዞራሉ፥ ከሞቱም በኋላ ለደቀ መዛሙርታቸው ይታያሉ። ከእነርሱም ዮዳ የሚባለው አስተማሪ በ1983 በወጣው ክፍል በ900 ዓመቱ ይሞታል። የከተማው ወጣት የዮዳን ዕድሜ፥ የአንዱን ጄዳይ ኃይል ከሌላው ኃይል ጋራ እያነጻጸረ፥ ማን ማንን እንደሚያሸንፍ እስኪነጋ ድረስ ይከራከራል። በ562 የሣቀ አፍ 900ን ያለ ሣቅ ይቈጥራል።

«እርሱ ተረት መሆኑን ዐውቃለሁ» ይል ይሆናል። ይህ መልስ ግን ራሱን ይረታዋል። ተረት መሆኑን እያወቀ፥ ቍጣ ሰውን እንዴት እንደሚያጠፋ፥ ደቀ መዝሙር ያለ ትዕግሥት እንደማይጸና፥ የኃይል ምንጭ ጡንቻ እንዳይደለ ከዚያ ተረት ይማራል። እንግዲህ ቃል ከላይ ከሚታየው በታች ሌላ ነገር እንደሚይዝ ያውቃል ማለት ነው። ለባሕር ማዶው ታሪክ የሰጠውን ይህን ማስተዋል ለአገሩ መጽሐፍ ለምን ይነፍጋል? ደግሞም ሉካስ ይህን ሁሉ ከባዶ አልፈጠረውም። በ1958 ከወጣው የጃፓናዊው የኩሮሳዋ ሲኒማ እንደ ወሰደ፥ የሕዝቦችን ሁሉ ጥንታዊ ታሪክ ከመረመረው ከጆሴፍ ካምቤል መጽሐፍም እንደ ተማረ በግልጽ ተናግሯል። በበረሃ የሚኖር ሽማግሌ መምህር፥ ለፈተና የሚሰጥ ደቀ መዝሙር፥ ከሞት በኋላ የማይቋረጥ ርዳታ፤ ይህ ሁሉ በገዳም ደጅ ያደገ ሰው ከልጅነቱ የሚያውቀው ነው። የከተማው ምሁር በጎተራው ያለውን እህል ንቆ፥ ያንኑ የመሰለ እህል በባዕድ ወፍጮ ተፈጭቶ ሲመጣለት በውድ ዋጋ የሚገዛውን ሰው ይመስላል።

አሁን ወደ ዓመቶቹ መመለስ ይገባል። ኦሪት ዘፍጥረት አዳም 930፥ ማቱሳላ 969 ዓመት እንደ ኖሩ ይናገራል። ከጥፋት ውኃ በኋላ ቍጥሩ እየወረደ ይሄዳል፤ አብርሃም 175፥ ሙሴ 120 ዓመት ኖሩ፤ በመዝሙር ደግሞ የሰው ዕድሜ 70፥ ቢበረታ 80 እንደ ሆነ ተነግሯል። ይህን መውረድ ያስተዋለ አንባቢ ሰው ከገነት በራቀ ቍጥር ዘመኑ እንደሚያጥር ይረዳል። እንግዲህ የገብረ መንፈስ ቅዱስን ገድል የጻፈው ሰው 562 ሲል ቍጥሩን ብቻውን አላስቀመጠውም፤ 60 አንበሶችንና 60 ነብሮችን ከአጠገቡ አቆመለት። አራዊት ለሰው የታዘዙት ከውድቀት በፊት ለአዳም ነው። ስለዚህ ዕድሜውና አራዊቱ አንድ ነገር ይናገራሉ፤ ይህ መናኝ ሌሎች የወረዱበትን መንገድ ሽቅብ ተመልሶ ወደ አዳም የፊት ክብር ቀረበ ማለት ነው። ይህን ያላየ ሰው ቢሥቅም የሣቀው ባልገባው ነገር ነው፤ ቢያምንም ያመነው ባልገባው ነገር ነው።

የላስታ ነገሥታት 40 ዓመትም እንደዚሁ ነው። ሙሴ 40 ዓመት በፈርዖን ቤት፥ 40 ዓመት በምድያም፥ 40 ዓመት ከሕዝቡ ጋራ በምድረ በዳ ኖረ። ዳዊት 40 ዓመት ነገሠ፤ ሰሎሞንም 40 ዓመት ነገሠ። የቤተ ክህነት ጸሐፊ የጻድቅ ንጉሥ ዘመን 40 ነው ሲል፥ ይህ ንጉሥ እንደ ዳዊትና እንደ ሰሎሞን የሚቈጠር ነው ማለቱ ነው። ዘመናቸውን በሌላ መንገድ መመርመር የሚወድ ሰው መንገዱ አልተዘጋበትም። በሽመዛና በምትገኘው በደብረ ሊባኖስ ወንጌል ላይ የተጻፉ የንጉሥ ላሊበላ የምድር ስጦታዎች አሉ፤ አንዱ በ1204፥ ሁለተኛው በ1225 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የተሰጡ ናቸው። ስለዚህ ከ20 ዓመት በላይ እንደ ነገሠ በጽሑፍ ይታወቃል። የዛጔ መንግሥት በሙሉ ግን በአንዱ ዝርዝር 333፥ በሌላው 133 ዓመት ሆኖ ይገኛል፤ ፍጻሜው ይኵኖ አምላክ በነገሠበት በ1270 መሆኑ የታወቀ ነው። የ200 ዓመት ልዩነት ባለበት ስፍራ፥ ቍጥሩን ይዞ ወንድሙን መናፍቅ የሚል ሰባኪ ለመጽሐፍ አልቀናም፤ ለራሱ ቃል ቀና እንጂ።

በዋድላ ቅኔ ቤት ሰሙን ብቻ ሰምቶ ደስ ያለው ተማሪ ገና እንዳልገባው ይነገረዋል። ሰሙን ጥሎ ወርቁን ብቻ ለመያዝ የሚሻም ቅኔ አልያዘም፤ ወርቁ የሚፈስበት ቅርጽ ሰሙ ነውና። መጻሕፍትን በሚያሔዱት መምህራን ዘንድም አንዱን ቃል «አንድም» እያሉ ሁለትና ሦስት ጊዜ መፍታት የቆየ ልማድ ነው። የሚያፌዘው ሰው ሰሙን አይቶ ወርቅ የለም ይላል፤ የሚያበዛው ሰው ሰሙን ወርቅ ነው ብሎ ይሸጣል። ሁለቱም ከአንድ ቅኔ ቤት ሳይማሩ የወጡ ናቸው።

የኃይል ነገር ከዕድሜው ይልቅ ብርቱ ነው፤ ጉዳቱም በዚያው ይበረታል። ቅዱስ ጊዮርጊስ በሮም ሠራዊት ውስጥ ወታደር ነበረ። ኃይሉ ግን በምን ተነገረ? 7 ዓመት መከራ እንደ ተቀበለ፥ 3 ጊዜ ሞቶ እንደ ተነሣ፥ በመጨረሻም አንገቱን ለሰይፍ እንደ ሰጠ ተነገረ። ጄዳይ የሚባለው ተዋጊ ኃይሉ የሚለካው ባሸነፋቸው ሰዎች ብዛት ነው፤ የሰማዕቱ ኃይል የሚለካው ግን እስከ መጨረሻ ባለመካዱ ነው። ቅዱስ መርቆሬዎስም ሕይወቱን በሰማዕትነት ከሰጠ ከ100 ዓመት በላይ ቈይቶ ከሓዲውን ንጉሥ ዮልያኖስን በጦር እንደ ወጋው ይነገራል። ዮልያኖስ በ363 ከፋርስ ጋራ ሲዋጋ በጦር ቈስሎ መሞቱን የዓለም ታሪክም ያውቃል፤ የወጋውን እጅ ግን ማንነት ሳይለይ ያልፋል። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ያን እጅ የመርቆሬዎስ ነው ሲል፥ ግፈኛ ከሰው ፍርድ ቢያመልጥ ከሰማዕታት ክስ አያመልጥም ማለቱ ነው። ይህ ትምህርት የተሰጠው የተገፋው እንዲጽናና ነው፤ ተቀምጦ ጦር ከሰማይ እስኪወርድ የሚጠብቅ ሰነፍ እንዲበዛ አይደለም።

የዐድዋ ነገር ለዚህ ምስክር ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የጊዮርጊስ ቀን ነበረ፤ ታቦቱም ከሠራዊቱ ጋራ ወርዶ ነበር፤ ድሉም ከቅዱሱ ርዳታ ጋራ ተያይዞ እስከ ዛሬ ይነገራል። ነገር ግን የዘመቻው ዐዋጅ ከተነገረ ከመስከረም ጀምሮ ያ ሠራዊት ስንቁን ተሸክሞ ተራራና ቈላ አቋርጦ በእግሩ ሄደ። ጊዮርጊስ አለ ብሎ ከቤቱ የቀረ ለዚያ ድል አልተቈጠረም።

አሁን ግን ጊዮርጊስን በጠሩት ጊዜ ሁሉ እንደ ሎሌ ፈጥኖ የሚደርስ፥ የጠሉትን ሁሉ የሚገድል አድርገው የሚሰብኩ ተነሥተዋል። ለእነዚህ ጥያቄ አለ። ከሐምሌ መጨረሻ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ጦርነቱ ላሊበላን ከእጅ ወደ እጅ ሲያሻግራት፥ የላስታ ሕዝብ ሲሰደድና ሲራብ፥ እንዲህ ያለ ስብከት ብቻ የሰማ ልጅ «ፈረሰኛው የት ነበረ?» ቢል ምን ይመልሱለታል? የሰማዕቱን ገድል በሚገባ የተማረ ልጅ ግን መልሱን ያገኘዋል፤ ቅዱሱ ራሱ ታስሮ፥ ተገርፎ፥ ተገድሎ የጸና ነውና፥ ከታሰሩትና ከተገፉት መካከል እንጂ ከእነርሱ ርቆ አልነበረም ይላል። ኃይልን በድል ብቻ የተማረ ሰው በሽንፈት ቀን ሃይማኖቱን ይጥላል። የሚያበዛው ምስክር ቅዱሱን ያከበረ መስሎት የልጆቹን እምነት በአሸዋ ላይ ያቆማል።

በላሊበላም እንዲሁ ነው። በቤተ ጊዮርጊስ ግድግዳ ላይ የፈረሱ የኮቴ ምልክት ይታያል፤ ሰማዕቱ ስለ ምን ለእኔ ቤት አልተሠራም ብሎ በፈረስ እንደ መጣ፥ ንጉሡም ከሁሉ ያማረውን እንደ ሠራለት ይነገራል። ንግሥት መስቀል ክብራ ለባሏ መታሰቢያ ቤተ አባ ሊባኖስን በመላእክት ርዳታ በአንድ ሌሊት እንዳሳነጸች ይተረካል። ዛሬ ግን ይህ የአንዱ ቤት «አንድ ሌሊት» በአንዳንድ አስጐብኚ አፍ ወደ 11ዱም አብያተ ክርስቲያናት ተሻግሯል። ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ ዓመታት በዚያ ሲያልፍ ካህናቱ ሥራው 24 ዓመት እንደ ፈጀ ነግረውታል። የዛሬው ተራኪ ከ500 ዓመት በፊት ከነበሩት የቦታው ካህናት ይልቅ እንዴት ይበልጥ ዐወቀ?

ይልቁንም የሚያበዛው ሰው የሚጠራውን ገድል አላነበበም። ገድለ ላሊበላ መላእክት ሠራተኞቹን እንደ ረዱ፥ ሌሊትም እንደ ጨመሩላቸው ይናገራል፤ ነገር ግን ከዚያ አስቀድሞ ንጉሡ ድንጋይ የሚጠረብበትን ብዙ የብረት መሣሪያ እንዳሠራ፥ ሠራተኞቹንም ሰብስቦ ደመወዛቸውን ራሳቸው እንዲናገሩ እንደ ጠየቀ፥ ያሉትንም እንደ ከፈለ፥ ይህንም ያደረገው ማንም በግድ አሠራን እንዳይል እንደ ሆነ ይናገራል። ሰው ሆይ፥ ይህን አስተውል። መልአክ ደመወዝ አይቀበልም፤ ድጅኖም አይጨብጥም። ገድሉ ራሱ የላስታን ድንጋይ ጠራቢ፥ የላስታን ቀጥቃጭ፥ አፈር ተሸካሚውንም ጭምር አከበረ፤ የሚያበዛው ሰው ግን አጠፋቸው። መድኃኔ ዓለም ርዝመቱ 33 ሜትር ያህል ነው፤ ቤተ ጊዮርጊስ 12 ሜትር ያህል ወደ ታች ተቈፍሯል። ከዚያ የወጣው ድንጋይና አፈር የተከመረበትን ስፍራ ሊቃውንት መርምረው፥ ሥራው በአንድ ጊዜ ያላለቀ፥ ከቀድሞ የነበረውንም እየለወጠ በየደረጃው የሄደ እንደ ሆነ አሳይተዋል። ይህ ለንጉሡ ነውር አይደለም። በዚህ ዘመን እንኳ በጋሸና አካባቢ አዲስ የዐለት ቤተ ክርስቲያን በመዶሻና በመሮ የሚፈለፍሉ እጆች አሉ፤ አገሩ ጥበቡን አልረሳም።

ሠራተኛውን መርሳት የሚያመጣው ጉዳት በዓይን ይታያል። መላእክት ብቻ የሠሩት ቤት መላእክት ይጠብቁታል ተብሎ ይተዋል። የላሊበላ ድንጋይ ግን ከእሳተ ገሞራ የመጣ ለስላሳ ድንጋይ ነው፤ ዝናብ ያጥበዋል፥ ይሰነጠቃል። በ2000 ዓ.ም. በውጭ አገር ገንዘብ ትልልቅ መጠለያ ተተከለበት፤ በ2011 ዓ.ም. የከተማው ሕዝብ መጠለያው ራሱ በቤቶቹ ላይ አደጋ ሆኗል ብሎ በአደባባይ ጮኸ። ያ ጩኸት ከብዙ ስብከት የሚሻል ስብከት ነበር፤ በሰው እጅ የተሠራ በሰው እጅ መጠበቅ እንዳለበት ያውቃልና።

ሦስተኛው ሰው የቀረው ነው። በ1992 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ግራሃም ሃንኮክ የሚባል እንግሊዛዊ ስለ ታቦተ ጽዮን በጻፈው መጽሐፍ፥ ቴምፕላር የሚባሉት የመስቀል ጦረኞች ላሊበላን በሥራው እንደ ረዱት አሳብ አቀረበ። ቴምፕላሮች በ1119 ገደማ በኢየሩሳሌም የተነሡ፥ መነኵሴም ወታደርም የነበሩ ማኅበር ናቸው፤ ኢየሩሳሌም በ1187 በሳላዲን እጅ ወደቀች፥ ማኅበሩም በ1312 በሮሙ ፓፓ ተሻረ። እነዚህ ሰዎች ስላሉበት ስውር ጥበብና ኃይል በአውሮፓ የተነገረው ተረት ከጄዳይ ተረት አያንስም። ሌሎች ደግሞ በ1968 ፎን ዴኒከን በጻፈው መጽሐፍ ፈለግ ሄደው፥ የጥንት ሕዝቦችን ሥራ ሁሉ ከከዋክብት ለመጡ ፍጡራን ይሰጣሉ፤ ላሊበላንም ከዚያ ቍጥር ያገባሉ።

ማስረጃቸው ሲመረመር ቀጭን ነው። የመስቀሉ ቅርጽ ይመሳሰላል ይላሉ፤ ነገር ግን የአክሱም ነገሥታት በገንዘባቸው ላይ መስቀል የቀረጹት ቴምፕላር ከመወለዱ ከ700 ዓመት በላይ አስቀድሞ ነው። ቤተ ዐማኑኤልን ያየ ሰው ግድግዳው የአክሱምን የእንጨትና የድንጋይ አሠራር እንዲመስል በዐለት ላይ እንደ ተቀረጸ ይረዳል። ከላሊበላ ከተማ ርቆ በዋሻ ውስጥ የቆመው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤትም በዚያው በአክሱም ሥርዓት እንጨትና ድንጋይ እየተደራረበ የታነጸ ነው። ልጅ አባቱን ሲመስል ጎረቤት ወለደው አይባልም። ከዚህ ሁሉ በታች ያለው አሳብ አንድ ነው፤ ይኸውም የላስታ ሰው ይህን ሊሠራ አይችልም የሚል ነው። ይህን ንቀት ያዳበረው ግን ባዕዱ ብቻ አይደለም። የአገሩ ተራኪ «ሰው አልሠራውም» እያለ ዘመናትን ቢያሳልፍ፥ ባዕዱ ባዶውን ስፍራ አግኝቶ የራሱን ፈረሰኛ ቢያስገባበት ምን ያስደንቃል?

«ደመወዝና መሣሪያ ከተባለ እንግዲህ ተአምሩ ተሻረ» የሚል ይኖራል። አልተሻረም። እግዚአብሔር በሰው እጅ መሥራቱ በሰው ፈንታ ከመሥራቱ አያንስም። ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን ሲሠራ ድንጋይ ጠራቢና እንጨት ቈራጭ በሺህ የሚቈጠር እንዳሰለፈ መጽሐፍ በቍጥር ይናገራል፤ በዚያ ምክንያት መቅደሱን የሰው ብቻ ያደረገው የለም። መላእክት የረዱት ለሠራ ሰው ነው፤ ያልሠራ ሰው የሚረዳበት ነገር የለውም።

ስለዚህ ካህን ሲሰብክ የተጻፈውን ይናገር፥ ያልተጻፈውን አይጨምር፤ ቍጥር ሲያነብ ትርጓሜውን አብሮ ይስጥ። በገና ቀን በቤተ ማርያም ቅጥር ላይና ታች ቆመው ቤዛ ኵሉ የሚሉት ካህናትና ከየአገሩ በእግሩ የመጣው ሕዝብ ይህን ሊሰሙ ይገባቸዋል። የተማረው የከተማ ሰው ከመሣቁ በፊት ያንብብ፤ ልጁ የዮዳን ዕድሜ ካወቀ የገብረ መንፈስ ቅዱስንም ዕድሜ ከነፍቺው ይንገረው፥ የላሊበላንም ጠራቢዎች ደመወዝ ይንገረው። መስተጋድላን ዘመን እንዲቈጠርላቸው አልተጋደሉም። ዘመናቸውን የሚያሳጥርም የሚያስረዝምም አይጠቅማቸውም፤ ደስ የሚያሰኛቸው ከዘመኑ በከፊሉ እንኳ ገድላቸውን የሚከተል ሰው ነው።